ብሩክ በነጻ ፈቃዱ ያገባ ዕለት

ወንድሜ ብሩክ ባይማር ይሻለኝ ነበር። አትቆጡኝ። ትምህርት የምጠላ ሰው አይደለሁም። ዊንጌት አካባቢ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ትምህርት ጠልቼ ምን ልበላ ነው? ግን ይሄ ሳይኮሎጂ የሚሉት ነገር ቤቴን በጠበጠው።

ብሩክ ታናሼ ነው። እናታችን ስታርፍ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልቶታል፤ የቢሮ ሥራ አለው፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ይማራል። አንድ ቅዳሜ ከክፍል መጥቶ ምሳ እንደቀረበ፣ «እትዬ፣ ሰው ምንም ነገር መርጦ እንደማያደርግ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሽሮው እየቀዘቀዘ ያስረዳኝ ጀመር። ለካ የሳይኮሎጂ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፣ ሰው የሚያደርገው ሁሉ ከዘሩ፣ ከአስተዳደጉ፣ ካገኘው ሽልማትና ከቀመሰው ቅጣት የመጣ ነው ይላል። ሌላኛው ደግሞ፣ የለም፣ ያ ሁሉ ቢኖርም ሰው ቆም ብሎ ያስባል፣ ይመርጣል ይላል።

«አንተስ የትኛውን መረጥክ?» አልኩት።

«እኔ አልመረጥኩም። የመጀመሪያው ነው ትክክል» አለና እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ብርጭቆዬን በክርኑ ጣለው።

«ምነው ብሩክ!» ስለው፣ «እኔ አይደለሁም እትዬ፣ አስተዳደጌ ነው» አይለኝም? እስቲ ፍረዱኝ። ያሳደግኩት እኔ! ብርጭቆው የኔ፣ ጥፋቱም የኔ! መጥረጊያውን ያመጣሁትም እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። አርፍዶ ቢነሳ ዘሩ ነው። አባታችን ጎህ ሳይቀድ ይነሳ እንደነበር ሳስታውሰው፣ ከአጎታችን የወረስኩት ነው አለኝ። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንዱ ሰውዬ ከፊታችን ዘው ብሎ ሲገባ ልጮህ ስል፣ «ተይው እትዬ፣ ምርጫ የለውም እኮ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ወዲያው ሰውየው ወደ ኋላ ሲል የብሩክን አዲስ ነጭ ጫማ ረገጠለት። ብሩክ «አታይም እንዴ! ሆን ብለህ ነው!» ብሎ ሰልፈኛውን አስደነገጠው። እኔ ጎንበስ ብዬ ጫማውን አየሁለት።

ይባስ ብሎ ቁስቋም ሄዶ ለነፍስ አባታችን፣ «አባ፣ ኃጢአቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ሁኔታዎች ናቸው» አላቸው። አንቺ በምን አወቅሽ አትበሉኝ፤ ራሱ ነው ተናዶ የነገረኝ። አባ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ደግ ልጄ። አርባ ስግደት ሰጥቻለሁ። አንተና ሁኔታዎቹ ተካፍላችሁ ስገዱ» አሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቡን ይዞ ሲሄድ ነበር። ሁኔታዎቹ ሳይቀሩበት አልቀሩም።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ግን መቅደስ አለች።

መቅደስ የብሩክ ፍቅረኛ ናት፤ ሸጎሌ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ የተቆረጠው ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። መቼ እንደሚጋቡ ብትጠይቀው፣ «ሁኔታዎች ሲሟሉ በራሱ ጊዜ ይሆናል፤ እኔ የምወስነው ነገር አይደለም» አላት።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ሠላሳ ሞላኝ» አለችኝ። «አባቴ ሽማግሌ መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይጨቀጭቀኝ ነበር። አሁን መጠየቁን ተወው። መጠየቁ አይደለም፣ መተዉ ነው ያመመኝ።»

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ልምከረው ወይ ብላት፣ ምክር የሚሰማው እኮ ምርጫ አለኝ የሚል ሰው ነው አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ፈገግ አለች። «ሰው የሚሠራው በሽልማትና በቅጣት ነው ይል የለ? እሺ። እንደ አፉ ይሁንለት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብሩክ «ሰርግ»፣ «ቤት»፣ «ልጅ» የሚል ቃል ካፉ ሲወጣ መቅደስ ትስቃለች፣ ኮሌታውን ታስተካክላለች፣ ክትፎ ትሠራለች። «ሁኔታዎች» ካለ ደግሞ ጠብ የለ፣ ቁጣ የለ፤ ራሴን አመመኝ ብላ ቤቷ ትገባለች፣ ስልኳም ዝግ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ግራ ገባው። መቅደስ ምን ሆና ነው ብሎ ቢጠይቀኝ አንገቴን ቁልፍ የምተክልበት ዩኒፎርም ላይ ደፍቼ፣ «ሁኔታዎች ይሆናሉ» አልኩት። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሰርግ አዳራሽ አንዲት ነገር ጣል አድርጎ፣ ክትፎውን በልቶ፣ እያፏጨ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት «ሁኔታ» የምትባለዋ ቃል ካፉ ጠፋች።

ከዚያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሩን በርግዶ ገባ። «እትዬ! ወሰንኩ! መቅደስን ላገባት ነው! ማንም አልገፋኝም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ መረጥኩ!»

«ምርጫ የሚባል ነገር የለም ስትል አልነበር?»

«እሱን መምህሩ ገና አልጨረሱትም።»

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ባልወትፍ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሽማግሌ ተላከ። የመቅደስ አባት ሽማግሌዎቹ ተናግረው ሳይጨርሱ እሺ አሉ።

ሰርጉ ሳይደርስ ጋብቻውን ልናስመዘግብ ወረዳ ሄድን። ከምስክሮቹ መካከል እኔ በብሩክ በኩል፣ አባትየው በመቅደስ በኩል ነን። መዝጋቢዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ፣ ኮስተር ያሉ ሴትዮ ናቸው። «በማንም ሳትገደድ፣ በነጻ ፈቃድህ ነው የምታገባት?» አሉት።

ብሩክ ደረቱን ነፋ። «ፍጹም በነጻ ፈቃዴ! ማንም ተጽዕኖ አላደረገብኝም!»

መቅደስ ፍርፍር ብላ ሳቀች። እሷን አይቼ እኔም ለቀቅኩት። መዝጋቢዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምኑ ነው የሚያስቀው?»

መቅደስ ውሸት አይሆንላትም። እዚያው ቆማ ክትፎውንም፣ የራስ ምታቱንም፣ ስልኩንም ዘረገፈችው። አባትየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ። እኔም ሳቄን አቆምኩ። ምን አባቴ አደረግኩ? ያሳደግኩትን ልጅ እያወቅኩ ዝም ማለቴ?

«ወጣቱ፣ ተገድደሃል ማለት ነው?» አሉ መዝጋቢዋ።

ብሩክ ፊቱ ቀልቶ ወደ መቅደስ ዞረ። «ስልክሽን በዘጋሽባቸው ቀናት... አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?»

«አለቅስ ነበር» አለችው። «አንድ ማታ አላስችል ብሎኝ ከፍቼው፣ ስንት ጊዜ እንደደወልክ አይቼ፣ መልሼ ዘጋሁት።»

ብሩክን «መምህሩ እንዲህ አሉ» ሳይል ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መዝጋቢዋ ዞሮ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት።

«አሁን ሁሉንም አውቄያለሁ። በሩም ክፍት ነው፣ መሄድ እችላለሁ። አልሄድም። አዎ ብለው ይጻፉ።»

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። መዝጋቢዋ ጻፉና ከመነጽራቸው በላይ መቅደስን አዩዋት። «አንቺስ? በነጻ ፈቃድሽ ነው?»

መቅደስ እንባዋን እየጠረገች፣ «አምስት ዓመት ጠብቄው፣ ሦስት ሳምንት አሠልጥኜው፣ አሁን ለሌላ ሴት ልተወው እንዴ?» አለች።

መዝጋቢዋ ቅጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከ«አዎ» እና ከ«አይደለም» በቀር ሌላ ቦታ የለውም። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉና ማህተማቸውን መቱበት።