ሦስት ወር ያልተንቀሳቀሰ

ባለፈው እሑድ አቶ ዘርጋው ምሳ በልተው ሶፋው ላይ ጋደም ባሉበት ሕልም አዩ። ሕልሙን ያዩት በጠራራ ፀሐይ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው በኩል እየተሰማ ነው።

አቶ ዘርጋው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ አራት ዓመታቸው ነው። በግቢው ስልሳ አባወራ ይኖራል፤ የመኪና ማቆሚያው ቦታ ግን ሃያ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የሌላውን መውጫ ዘግቶ ሥራ ይሄዳል፣ የተዘጋበት ደግሞ በንዴት ጎማ ያስተነፍሳል። ጠቡ ሲብስ ማኅበሩ «ደንብ ይውጣ» አለ፤ አቶ ዘርጋውም ቁጭ ብለው ጻፉት። በተለይ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ የራሳቸው አጻጻፍ ደስ ብሏቸው ነበር። «ለሦስት ተከታታይ ወራት ከቆመበት ያልተንቀሳቀሰ ማንኛውም ተሽከርካሪ ከግቢው እንዲወጣ ይደረጋል» ይላል። የማንንም ስም አይጠራም። ነገር ግን በግቢው ውስጥ ሦስት ወር ያልተንቀሳቀሰ መኪና አንድ ብቻ እንደነበረ ሲጽፉትም ያውቁ ነበር። እሱም አሥራ አራት ቁጥር ላይ ሸራ ለብሶ የቆመው የአቶ ደጀኔ ሰማያዊ ቮልስ ነው።

አቶ ደጀኔ የድሮ ወዳጃቸው ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት አብረው አስተምረዋል፤ በዚያች ቮልስ ስንት ቦታ አብረው ሄደዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አቶ ደጀኔን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ሚስታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጉላቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ ደጀኔ ከሁለተኛ ፎቅ ቁልቁል ቮልሷን ሲያዩ ይውላሉ። አቶ ዘርጋው በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ሄደው ጠየቋቸው፤ ከዚያ በኋላ አልሄዱም። መልስ ከማይሰጥ ሰው ፊት ተቀምጦ ምን ይባላል?

መኪናዋ የምትወጣው በዚያው እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አቶ ዘርጋው በጸሐፊነታቸው ወርደው መፈረም ነበረባቸው። «እስከዚያ ትንሽ አረፍ ልበል» ብለው ጋደም አሉ፤ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው።

በሕልማቸው ደረጃ ይወርዱ ነበር። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ወረዱ፣ ወረዱ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው የፎቅ ቁጥር ግን እየጨመረ ሄደ፤ አምስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። ይህ ምንም አልገረማቸውም። የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጡ ራሳቸውን ግቢው ውስጥ አገኙት። ቀኑ ብራ ነበር፤ መሬት ላይ ግን የማንም ጥላ አልነበረም።

በማቆሚያው አንድም መኪና የለም። በየነጩ መስመር መካከል የቆሙት ሰዎች ነበሩ። የግቢው ነዋሪዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው፣ አንዱ ከሌላው እኩል ርቆ ጸጥ ብለው ቆመዋል። አቶ ዘርጋው መኪኖቹን ፍለጋ ቀና አሉ። መኪኖቹ በየበረንዳው ተቀምጠው ቁልቁል ያዩ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ነጭ መኪና መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

የግቢው ጥበቃ ቡልቻ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ቡልቻ ሌላ ጊዜ አቶ ዘርጋውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሥቶ ሰላም የሚል ሰው ነው። አሁን ግን ሰላምታ አልሰጠም። ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን አየ፣ በኋላቸው ዞረ፣ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

«አሥራ አራት ቁጥር ይግቡ» አላቸው።

«እኔ እኮ ጸሐፊው ነኝ፣ ቡልቻ!»

«እሱ የበፊቱ ነው፣ ጋሼ። ወደ ኋላ ይምጡ... ይምጡ... ይምጡ... ትንሽ ወደ ግራ ይስበሩ... በቃ!»

አቶ ዘርጋው እንደታዘዙት እያፈገፈጉ መስመሩ ውስጥ ገቡ። ቡልቻ ሁለት ድንጋይ አመጣና አንዱን ከጫማቸው ፊት፣ ሌላውን ከተረከዛቸው ኋላ ሸጎጠ። ወዲያው እግራቸውን ሊያነሡ ሞከሩ። ድንጋዩን ማለፍ ቀርቶ ጣታቸውን እንኳ ማንቀሳቀስ አቃታቸው።

ከጎናቸው የቆሙት የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ምንትዋብ ነበሩ። ደንቡን ያስጸደቁት እሳቸው ናቸው። ፊታቸው አቧራ ለብሷል። ግንባራቸው ላይ አንድ ሰው በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፎበታል።

«ወይዘሮ ምንትዋብ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆሙት?»

«ከመስከረም» አሉ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ። «አያውሩ፤ ባትሪ ይጨርሳል።»

«ለምን አንሄድም?»

«ቁልፋችን እነሱ ጋ ነው» አሉና ዓይናቸውን ወደ በረንዳዎቹ አነሡ።

ወዲያው ስብሰባ ሆነ። ጠረጴዛው መቼ እንደተዘረጋ አቶ ዘርጋው አላዩም፤ ብቻ ግቢው መካከል ነበር። ከብሎኩ በር አቶ ደጀኔ ወጡ። በሁለት እግራቸው፣ ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የማኅበሩን ደንብ ብብታቸው ሥር ይዘው ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡ። አቶ ዘርጋው በደስታ ጮኹ።

«ደጀኔ! ተነሣህ?»

አቶ ደጀኔ ቆም ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። «ድምፅ ሰማችሁ?» አሉ።

«ነፋስ ነው» አለ ቡልቻ።

አቶ ደጀኔ ደንቡን ገለጡና ጥርት ባለ ድምፅ አነበቡ። «አንቀጽ ዘጠኝ። ለሦስት ተከታታይ ወራት ከቆመበት ያልተንቀሳቀሰ ማንኛውም ነዋሪ ከግቢው እንዲወጣ ይደረጋል።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ያለ አጻጻፍ ነው! የማንንም ስም አይጠራም።»

«ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ!» ብለው ጮኹ አቶ ዘርጋው። «ትናንት ገበያ ወጥቻለሁ!»

«አሥራ አራት ቁጥር ተንቀሳቅሷል?» ብለው አቶ ደጀኔ ጥበቃውን ጠየቁ።

«ኧረ የለም። ሥሩ ሣር በቅሏል።»

አቶ ዘርጋው ቁልቁል አዩ። እውነቱን ነው። ሣሩ ጫማቸውን ከብቦ፣ ካልሲያቸውን በስቶ ገብቷል። በሁለት እግራቸው መካከል አንዲት ድመት ወልዳ ልጆቿን ታጠባለች። ደንግጠው ሲጮኹ ድመቷ ቀና እንኳ አላለችም።

«የምትስማሙ?» አሉ አቶ ደጀኔ።

በየበረንዳው ያሉት መኪኖች በአንድ ጊዜ መብራታቸውን አበሩ።

«የምትቃወሙ?»

መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። በመስመሮቹ መካከል ከቆሙት ሰዎች አንድም የተነፈሰ አልነበረም። ወይዘሮ ምንትዋብ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እልፍነሽ የታጠፈ ሸራ ተሸክመው መጡ። ከሁሉም እሳቸው ብቻ ነበሩ በስማቸው የጠሯቸው።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ፀሐይ እንዳይጎዳዎት ብዬ ነው» አሉ። ሸራውን ከአናታቸው ጀምረው ቀስ ብለው አለበሷቸው፤ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው ጆሯቸው እንዳይታጠፍ እየተጠነቀቁ። ጫፉን በገመድ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰሩት።

ከሸራው ውስጥ ብርሃኑ ሰማያዊ ነበር፤ አየሩ የቤንዚንና የአሮጌ ወንበር ሽታ ነበረው። ከውጭ ኮቴ ተሰማ። አንድ ሰው ቀስ እያለ አንዴ ዞራቸው፣ ሁለቴ ዞራቸው፣ ከፊታቸው ቆመ። የሸራው ጫፍ ተገለጠና አቶ ደጀኔ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን አስጠጉ። ትንፋሻቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«ሁለት ዓመት እኮ ነው፣ ዘርጋው» አሉ በለሆሳስ። «ደረጃውን ስትወጣ፣ ስትወርድ ኮቴህን እሰማ ነበር። እኛ በር ላይ ስትደርስ ፈጠን ትላለህ።»

አቶ ዘርጋው «ይቅር በለኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው እንደ እግራቸው ሆነ።

«ግድ የለም» አሉ አቶ ደጀኔ። «አሁን አንተም ትሰማለህ።» ሸራውንም መልሰው ለቀቁት።

ሸራው ሲወርድ አቶ ዘርጋው አልጋ ላይ ነበሩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ቁልቁል ሲያዩ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሰዎቹ ሸራ የለበሰ ነገር ከበው «ያዝ! ግፋ! አንድ፣ ሁለት!» እያሉ ወደ በሩ ይገፋሉ። ሸራ የለበሰው ነገር በሁለት እግሩ እየተንገዳገደ ይሄድ ነበር። ጫማውን አወቁት፤ የራሳቸው ቡናማ ጫማ ነው። መስታወቱን ሊመቱ ፈለጉ፣ እጃቸው አልታዘዝ አለ። አንድ ሰው ከኋላ ፀጉራቸውን ያበጥርላቸው ነበር።

«አይዞህ ደጀኔ» አላቸው የወይዘሮ እልፍነሽ ድምፅ። «ሊያጥቧት ነው የሚወስዷት።»

ከታች ሰንሰለት ተንቋቋ፤ አቶ ዘርጋው ነቁ።

የሰንሰለቱ ድምፅ ግን አላቆመም። የግድግዳው ሰዓት አሥር ሰዓት ከአምስት ይላል። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሮጡ። ጎታቹ መኪና ከግቢው በር እየወጣ ነበር። ሰማያዊዋ ቮልስ አፍንጫዋን ወደ ላይ ተሰቅላ፣ በኋላ ጎማዎቿ እየተጎተተች ተከተለችው። ከዚያ ግንቡ ጋረዳት።

አቶ ዘርጋው በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረዱ። አሥራ አራት ቁጥር ላይ የቀረው የዘይት ቅባት የያዘ ጥቁር መሬት ብቻ ነው። ቡልቻና ወይዘሮ እልፍነሽ ከደረጃው ሥር ካለው ዕቃ ቤት የማኅበሩን የፕላስቲክ ወንበሮች እያወጡ ወደዚያው ያመላልሳሉ።

«ጋሼ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ ‹ተኝተው ከሆነ አትቀስቅሷቸው› ብለው ስለ እርስዎ ፈርመዋል» አለ ቡልቻ እንደሚያጽናና ሰው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ወንበሩን አስቀመጡና ላባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ደጀኔ አላየም፣ ጋሽ ዘርጋው። ጎታቹ ሲመጣ ወደ ግድግዳው አገላበጥኩት። ግን ብዙ ላቆየው አልችልም፣ ጎኑ ይቆስላል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መስኮቱ ልመልሰው ግድ ነው።» አጥሩ ሥር የተጣለውን ሸራ አሳዩአቸው። «እሱን ትተውልኛል። ደንቡ ላይ ሸራ የሚል የለም አሉ።»

አቶ ዘርጋው ሸራውን ወደ አሥራ አራት ቁጥር ሳቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ ወንበር አነሡ።

ሦስቱ ስምንት ወንበር ደረደሩ፤ ከፊት ሁለት ጀሪካን አስጠጉ። ሸራውን ሲያለብሱት ግን የተከመረ ዕቃ መሰለ እንጂ መኪና አልመሰለም።

«ጀርባው ነው» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ጀርባዋ ክብ ነበር።»

«እኔ ጋ ትልቅ ሳፋ አለ» አሉ አቶ ዘርጋው። አራት ፎቅ ወጥተው፣ የተዘፈዘፈውን ልብስ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ደፍተው፣ ሳፋውን ውኃ እያንጠባጠበ ይዘው ወረዱ። ከኋለኞቹ ወንበሮች ላይ ደፉትና ሸራውን መልሰው አለበሱ። ቡልቻ እስከ በሩ ድረስ ርቆ ሄዶ አየ።

«ትንሽ ወደ ቀኝ... በቃ! መሰለች።»

ወይዘሮ እልፍነሽ እየሮጡ ወደ ላይ ወጡ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት የአቶ ደጀኔ ፊት ታየ። አቶ ዘርጋው ይህን ፊት ሁለት ዓመት አላዩትም ነበር። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ጢማቸው ነጥቷል። አቶ ዘርጋው ለሰላምታ እጃቸውን አነሡ። አቶ ደጀኔ ግን እሳቸውን አላዩም፤ ዓይናቸው ሸራው ላይ ነው። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የምትሠራዋን ግራ እጃቸውን ወደ መስታወቱ አነሡ። አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አጣብቀው ወደ ቀኝ አዞሩ። ቆዩና እንደገና አዞሩ።

መስኮቱ ተከፈተ። ወይዘሮ እልፍነሽ ብቅ አሉ።

«ጋሽ ዘርጋው... በእጁ ‹አስነሡልኝ› እያለ ነው። ድምፅዋን ልስማ ነው የሚለው።»

ቡልቻ አቶ ዘርጋውን አየ። አቶ ዘርጋው ወንበሮቹን አዩ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ የሸራውን ጫፍ አነሡ፣ በጉልበታቸው እየዳሁ በወንበሮቹ እግር መካከል ገቡ።

ቡልቻ ጎንበስ ብሎ ወደ ሸራው አፉን አስጠጋ። «ጋሼ» አለ በሹክሹክታ፤ «ስትነሣ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ታስላለች።»

አቶ ዘርጋው ሁለት ጊዜ ሳሉ።