ሊቀ ቪዲዮ ጋሽ ካሣዬ እና አንድ ዓይናቸው

ከዝናብ ታክሲ ውስጥ፣ ከውሻ አጥር ላይ ማምለጥ ይቻላል፤ «ይቺን ቪዲዮ አይተሻታል?» ከሚል ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ ያመለጠ ሰው አላውቅም። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ አለው። ለኛ ለቁስቋሞች የደረሱን ጋሽ ካሣዬ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሽሮ ሜዳ ላይ በጎሚስታነት ጎማ ሲጠግኑ ኖረው ሥራ ያቆሙ አዛውንት። እኔ በልቤ «ሊቀ ቪዲዮ» እላቸዋለሁ። ግድግዳ እንጋራለን። ባለቤታቸው ካረፉ፣ አንዲት ልጃቸው ጽጌረዳም አግብታ ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ የቀረናቸው ስልካቸውና እኔ ነን።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። በሬ ሲንኳኳ ልቤ ድንግጥ ይላል።

«ሩታ! ነይ ቶሎ! ሰው እኮ የት ደርሷል!»

ሰው የደረሰበት ቦታ በየቀኑ ይለያያል። ሰኞ ቻይና ውስጥ ቤት የሚያትም ማሽን ጋ ነው። ማክሰኞ ልብስ የሚያጥፍ ሮቦት ጋ። ረቡዕ ባለቤቱ ፊት ላይ የሚያስነጥስ ፍየል ጋ። ለጋሽ ካሣዬ ሮቦቱም ፍየሉም እኩል የሥልጣኔ ውጤቶች ናቸው። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ ሃያ ቪዲዮ በቴሌግራም ይደርሰኛል፤ ቁርሴን ሳልጨርስ ደግሞ ራሳቸው መጥተው ሃያውንም ያሳዩኛል።

አምና ለቅሶ ቤት ያደረጉትን አልረሳውም። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ያንን ፍየል አውጥተው የሟች ወንድም ለሆኑት ለአቶ ብርሃኔ አሳዩአቸው። እኔ በድንጋጤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አቶ ብርሃኔ ስልኩ ላይ አፈጠጡ፤ ቀስ በቀስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ ሐዘኑ የጠናባቸው መስሏቸው እንደ አዲስ አለቀሱላቸው። ሰውዬው ግን ይስቁ ነበር።

ቪዲዮው ባለቀ ቁጥር ጋሽ ካሣዬ «አየሽው? ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁኛል። ትኩረቴን የሚፈትኑ ይመስለኝ ነበርና እንደ ተማሪ አንድ በአንድ እመልስና «ሃ ሃ ሃ!» እላለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት «ይሄ ሮቦት ሳህን ሲያጥብ እይልኝ!» ብለው ስልኩን አፍንጫዬ ስር ደቀኑት። ሮቦት የሚባል ነገር የለም። ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ በግ ይሸልታል። «ኧረ ጋሽ ካሣዬ!» ልል ቀና ስል ፊታቸውን አየሁት። ስልኩን አያዩም። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«ምን አደረገ?» አሉኝ።

ግራ ዓይናቸውን ጎማ ሲጠግኑ የቸርኬ ብረት ፈንጥሮ እንዳጠፋው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቀኙም እየጠፋ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«እ... ሁለት ዓመት ይሆነዋል። በቃ፣ ጭጋግ ነው። ስትነግሩኝ ያየሁ ይመስለኛል።» ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና «ለጽጌረዳ እንዳትነግሪያት» አሉ።

በነጋታው ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተር ኢፍቱ የምትባል ወጣት ሐኪም መርምራ ሞራ መሆኑን ነገረችን። በማሽን ይወጣል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ነገር ግን ያላቸው አንድ ዓይን ስለሆነ አንድ ነገር ቢበላሽ ሌላ መጠባበቂያ የለም። ሊቀ ቪዲዮ ማሽን የሚለውን ቃል ሲሰሙ በደስታ ይዘላሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

«በእጅ አይቻልም?» አሉ።

«አይቻልም አባቴ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ጄኔሬተር አለን።»

«ናፍጣ አለው?»

ዶክተሯ ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ካላረጋገጥኩ አልፈርምም አሉ። በመጨረሻ ፈሀድ የሚባለው የጄኔሬተር ሠራተኛ ተጠርቶ እየመራ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፤ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ ዘንግ ከተተና እርጥበቱ የት ድረስ እንደሆነ በእጃቸው አስዳሰሳቸው። ጣታቸውን አሸተቱ። «ናፍጣ ነው» ብለው ተመልሰው ፈረሙ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት ብቻ እጠብቅ ነበር። ከገቡ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድርግም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። «ቁስቋም ማርያም፣ አንዲቷን ዓይን!» እያልኩ እቆጥራለሁ፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ከጓሮ የፈሀድ ጄኔሬተር ሲያጓራ እንባዬ መጣ። ማሽኑ የራሱ ባትሪ እንዳለውና ለአንድ ሰከንድም እንዳልቆመ የሰማሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ዶክተር ኢፍቱ ጣቶቿን ዘርግታ «ስንት ነው?» አለቻቸው። አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ። ደግማ ጠየቀች። ይበልጥ ጠጋ አሉ። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ጨምድጄ ይዣለሁ።

«ሁለት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንደኛው ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ነክቶሻል።»

ገና ቤት ሳንደርስ ስልካቸውን ተቀበሉኝ። የቁስቋም ታክሲ እስኪሞላ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን፣ ብስክሌት እየነዳ ኩሬ ውስጥ የሚገባ ሰውዬ ከፈቱልኝ። እኔም እንደ ልማዴ «ሃ ሃ ሃ!» አልኩ።

እሳቸው ስልኩን አልነበረም የሚያዩት። በአዲሷ ዓይናቸው እኔን ነበር የሚያዩኝ።

«ሩታ፣ አሁን ሳቅሽ?»

«አዎ፣ ሳቅኩ።»

«ፊትሽ እኮ አልሳቀም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ልናገር፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሳቅ ምስር እየለቀምኩ፣ ልብስ እያሰጣሁ፣ ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብዬ ነበር የምስቀው። እሳቸው ደግሞ በኔ ሳቅ ነበር የሚያዩት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?» አሉኝ።

«አብዛኛውን ጊዜ» አልኩ። ተቀየሙኝ፣ ከእንግዲህ በሬን አያንኳኩም ብዬ ፈራሁ። ያንን እፈራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ካሣዬ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«በይ እንግዲያው ያንቺን አምጪ። የምር የሚያስቅሽን አሳዪኝ፤ አሁን እኮ አያለሁ።»

ምን እንደሚያስቀኝ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እኔም አላውቀውም። ታክሲው ሞልቶ ሽቅብ ሲወጣ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አጎንብሰን እንፈልግ ነበር።