ስልኬ ያጸዳው ዘፈን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁ ሳትለምኑት ይረዳችኋል? የእኔ ይረዳኛል። ፎቶ ስነሳ ፊቴን ያቀላልኛል። መልእክት ስጽፍ ቃሌን ይቀይርልኛል። ዘፈን ልስማ ስል ደግሞ መጀመሪያ የሳሙና ማስታወቂያ ያሰማኛል፤ እሱ ሲያልቅ "መተግበሪያው ይታደስ" ይላል። አድሼው ስመለስ የምወደው ዘፈን የለም። የት ሄደ? ማንን ልጠይቅ? መሥሪያ ቤት ቢሆን እንኳ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚለኝ ሰው አላጣም ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። የዘንድሮው መስቀል ላይ ግን ባሰበት።

ባለቤቴ ታደለች የዶርዜ ልጅ ናት። የምንኖረው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። እሷ እንደምትለው ለመስቀል ዶርዜ የማይወጣ የዶርዜ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል። ዘንድሮ ግን አራስ ሆነች። ያን ዳገትና ያን ብርድ ጨቅላ ታቅፎ መውጣት የማይታሰብ ነው፤ እናቷም ሊያርሷት እኛ ዘንድ ወርደዋል። ስለ ሥጋው ምንም አላለች። ስለ ቅቤውም አላለች። ያስከፋት ዘፈኑ ነው። "እነሱ ሲዘፍኑ እኔ እዚህ ልተኛ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም ጀግና ልሁን ብዬ፣ "ዘፈኑን ይዤልሽ እመጣለሁ" አልኳት። ማን ጠየቀኝ?

ወጣሁ። ዶርዜ እንደ ወትሮው ጉም ውስጥ ናት። አማቼ ጋሽ ዋዳ "ዮ ማስቃላ!" ብለው አቀፉኝ፤ እንኳን ለመስቀል አደረሰህ ማለታቸው ነው።

የዶርዜን ዘፈን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። እኛ ዘንድ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ይወጣዋል። እዚህ ግን አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይገባበታል፣ ሌላው መሃል ላይ ክፍተት ፈልጎ ይሾልካል፣ የቀሩት ከሥር ሆነው ይሸከማሉ። ሁሉም የየራሱን ይላል፤ ግን አይጋጩም። ታዲያ ዘፈኑ የማንኛው ነው? ስንት ዓመት ሰምቼው ዛሬም አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ጸጉሬ እንደሚቆም ነው።

አማቼ አጠገብ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። "ቦታ የለኝም" አለ። የቢሯችንን ስብሰባ ቀርጬ ነበር፤ እሱን ሰረዝኩ። እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ቀረጽኩት።

በማግስቱ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩላት። ሳሙናው አለፈ። ከዚያ፣ "ሆ... ሆሆ... ሆ..." አንድ ወፍራም ድምፅ፣ ብቻውን። ወደ መሃሉ አሳለፍኩት። ሆ። ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ሆሆ። ከሥር በደቃቅ ፊደል እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ "የጀርባ ጫጫታ ተወግዷል።"

ጫጫታ! ያ ሁሉ የመንደር ሰው፣ ያ ሁሉ ሽማግሌና ጎረምሳ፣ ጫጫታ ተብሎ ተጠረገ!

 ወጣ ብዬ ለአማቼ ደወልኩና እባክዎ ዘፈኑን በስልክ ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። "ብቻዬን? ቤት ከቦታው ሲነሳ አይተህ የለ? አንድ ሰው ሲሸከመው አይተሃል?" አሉኝ። የዶርዜን ቤት ምስጥ ሥሩን ሲበላው መንደሩ ተሰብስቦ እንዳለ ያነሳውና ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቤት አምጡልኝ አላልኩም።

ተመልሼ ስገባ ታደለች እያለቀሰች ነው። አበቃልኝ አልኩ። እሷ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ "አባቴ እኮ ነው" አለችኝ። "ብቻውን ሰምቼው አላውቅም።" ለካ ዕድሜዋን ሙሉ ያ ድምፅ ከሌሎች ሥር ሆኖ ነው የደረሳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በአባቷ ድምፅ ላይ፣ የራሷን ገባች። እናቷ ጓዳ ቆጮ እየቆረሱ ነበር፤ እዚያው ሆነው ከላይ ያዙላት።

"አንተም ግባ!" አለችኝ።

የት ጋ? "ክፍት ባለበት!" ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጎጃሜው እኔ ዘፈኑ ውስጥ ቦታ አገኘሁ!

ይህን አማቼ መስማት አለባቸው ብዬ የእሳቸውን ድምፅ ወደ ታደለች ስልክ አሻገርኩ፤ ከእሱ ጋር እንደገና ዘፈንን፣ በእኔ ስልክ ቀረጽኩና ላክሁላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። ደስታቸው ሌላ ነው። ልጃቸውን ሰምተዋል፣ ሚስታቸውን ሰምተዋል፣ ራሳቸውንም ሰምተዋል።

"አንተ ግን ምነው ዝም አልክ?" አሉኝ።

እኔ? ዝም? ስልኩን ከፈትኩ። እውነትም የለሁበትም። ከሥር፣ በዚያችው ደቃቅ ፊደል፣ "የጀርባ ጫጫታ ተወግዷል።"

ስልኩን መሳደብ ስጀምር ታደለች በሳቋ ሕፃኑን ቀሰቀሰችው።

"ተው፣ አትቆጣው" አለችኝ። "እየተማረ ነው።"