ሚስተር ኦርቪል፣ የክላይድ ደላኒ ፊልሞች ዳኛ

በእናቴ ፀጉር ቤት የተወራው እንዲህ ነበር። ፍራሽ ሻጩ ሚስተር ኦርቪል ስቴንግል የዝነኛው ዘፋኝ፣ ዳንሰኛና ተዋናይ የክላይድ ደላኒ ምስጢራዊ እግር ናቸው። ደላኒ ጉልበቱን የተሰበረ ጊዜ፣ ከወገቡ በላይ እሱ ሲስቅ ከወገቡ በታች የሚደንሱት እሳቸው ነበሩ። ወሬውን ያመጣችው ሴት ከማን እንደሰማችው ስትጠየቅ «ከታመነ ሰው» አለች። የታመነው ሰው ደግሞ የሰማው ከእሷ ነበር።

ውሸት ነው። ሚስተር ኦርቪል ዕድሜያቸውን ሙሉ የስቱዲዮ በር ረግጠው አያውቁም። ሠርግ ላይ ሲደንሱ ያየ ሰው ደግሞ እግራቸውን ለማንም እንዳላበደሩ፣ ቢያበድሩም የሚወስድ እንደማይገኝ ይመሰክራል። ከሲኒማ ጋር የሚያዛምዳቸው አንድ ፍራሽ ብቻ ነው። አንድ ተዋናይ ከሰገነት ሲወድቅ እንዲያርፍበት ከሱቃቸው ተገዛ። ተዋናዩ ፍራሹን ሳተው። ትዕይንቱም ተቆርጦ ወጣ።

ፊልም ባለበት አገር ሁሉ፣ ፊልሙን ከእናንተ በፊት ያየ ሰው አለ። ይህ ሰው ጉንፋን አይይዘውም፣ እንግዳ አይመጣበትም፣ ከቤት የሚያስቀረው ነገር የለም። ትኬት ስትቆርጡ ከኋላችሁ ነው፤ ስትቀመጡ ከጎናችሁ ነው። ጀግናው ሽጉጡን ሳይመዝ «አሁን ይመዛል» ይላችኋል። ሌላው ከተማ እንዲህ ያለውን ሰው በጅምላ ያመርታል። እኛ የፊልም ከተማዋ የበርባንክ ሰዎች የነበረን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተርፎን ነበር።

አንድ ብቻ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የቀረነው ፊልም አናይም። እኛ ዘንድ በስቱዲዮ እንጀራውን ያልበላ ቤተሰብ የለም። አንዱ መብራት ይሸከማል፣ ሌላዋ ዊግ ታበጥራለች፣ አጎትየው በምግብ ቤት ትዕይንት ጀርባውን ሰጥቶ ከባዶ ሳህን ይጎርሳል። ስለዚህ የበርባንክ ሰው ሲኒማ ቤት ሲገባ የሸራውን ጥግ እንጂ መሃሉን አያይም። ደላኒ መሃል ላይ ነፍሱ እስክትወጣ ሲደንስ፣ አዳራሹ «ያውልህ! ያውልህ! ከመጋረጃው ጎን!» እያለ ይንጫጫል። «ቀይ ሻንጣ» የሚባለውን ፊልሙን እኔ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። አክስቴ ፐርል ትሪ ይዛ ታልፍበታለች። እውነቱን ለመናገር የሚያልፈው ክርኗ ነው። ክርኗ ካለፈ በኋላ ቤተሰባችን ኮቱን ለብሶ ይወጣል። ደላኒ መጨረሻ ላይ እንደሚያገባ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከሚስተር ኦርቪል ነው።

«አገባ እንዴ? ማንን?» አልኳቸው።

እንደ አረመኔ አዩኝ።

ክቡርነታቸው ከኦሃዮ ብቻቸውን የመጡ ሰው ናቸው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ትሪ ይዛ የምታልፍ አክስት የለ። በየትኛውም ፊልም ጥግ የሚፈልጉት ሰው ስለሌላቸው፣ ከከተማው ሁሉ መሃሉን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ሆኑ። ብቻውን ያየ ደግሞ ብቻውን ይፈርዳል። ስለዚህ የክላይድ ደላኒን ፊልሞች ከአንደኛ እስከ ውራ ደረጃ ሰጥተው፣ ማንም ሳይሾማቸው ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። «ሚሊየነሩ ሊፍት ጠባቂ» አንደኛ። «ሁለት ትኬት ወደ ሬኖ» ሁለተኛ። ይግባኝ የለም። «እኔ እንኳን ሁለተኛውን እወደዋለሁ» ካላችኋቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉና፣ «ልጄ፣ ይሄ የእኔ አስተያየት አይደለም፤ እውነቱ ነው» ይላሉ።

ሱቃቸው ውስጥ አዲስ ሙሽሮች ፍራሽ ሊሞክሩ ጋደም ሲሉ፣ ሊቀ ሊቃውንት ኦርቪል በራስጌ በኩል ይቆማሉ። ሙሽሮቹ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ይሰማሉ። አምስተኛ ላይ ሲደርሱ ባልየው ብድግ ይላል።

«እሺ፣ ይሄን እንወስዳለን!»

«ገና መች ሞከራችሁትና?»

«ቤት እንሞክረዋለን!»

በዚህ ዘዴ ከከተማው ሁሉ ብዙ ፍራሽ የሸጡ ሰው ሆኑ። የጥርስ ሐኪም አፋቸውን በጥጥ ሲሞላው ደግሞ ደረጃውን በጣታቸው ያሳያሉ። አንድ ቀብር ላይ ቄሱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ዘላለም ሕይወት ሲናገር፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ደላኒ በሬኖው ፊልም ያደረገው ንግግር ግን ከዚህ ይበልጣል» አሉኝ። ሹክሹክታቸው የፍራሽ ሻጭ ሹክሹክታ ስለሆነ መበለቷም ሰማች። ቄሱም ሰማ። ቄሱ ቅር አለው። መበለቷ ግን «እውነት ነው» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ዙፋናቸው ኮሜት ሲኒማ ነበር። የሲኒማው ባለቤት ጋስ ፓፓስ ማክሰኞ ማክሰኞ የድሮ ፊልም ያሳያል። ክቡርነታቸው መሃል ረድፍ መሃል ወንበር ላይ ይሰየሙና ሁሉን ነገር አንድ አፍታ ቀድመው ያውጃሉ። «አሁን ይመጣል፣ ጠብቁ!» ይመጣል። «አሁን በጥፊ ትለዋለች!» ትለዋለች። ፈንዲሻ ወረወርንባቸው፤ አንስተው በሉት። ጋስ ከምሰሶ ጀርባ በነፃ የሚቀመጡበት ወንበር ሰጣቸው፤ ድምፃቸው ምሰሶውን ዞሮ መጣ።

«ኦርቪል፣ በእናትህ፣ ሰዉ ከፍሎ ነው የገባው!» ይላቸዋል ጋስ።

«ታዲያ እኔ ተጨማሪ ይክፈሉኝ አልኩ ወይ?»

እንዲህ ሆነን ስንኖር ክላይድ ደላኒ ሞተ። በዚያው ሰሞን ለኮሜት ሲኒማ የድሮ ፊልሞችን የሚያከራየው ድርጅት መጋዘኑን ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ። ለመሰናበቻ አንድ ፊልም ለአንድ ምሽት ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ጥቅልሎቹ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። ጋስም የቱ ይምጣ የሚለውን በእጅ ብልጫ እንድንወስን ቅዳሜ ጠዋት ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ ሰበሰበን።

እዚህ ላይ ስለ ዊኒ ታከር መናገር አለብኝ። ወይዘሮ ዊኒ የእናቴ የሐሙስ ደንበኛ ነበረች። እናቴ ፀጉር ቤት ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም፤ ካስክ ስር የተቀመጠች ሴት ማድረቂያው ስለሚያደነቁራት የምታንሾካሹክ እየመሰላት ትጮኻለች። ዊኒም አንድ ሐሙስ ካስክ ስር ሆና ለእናቴ «አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ጮኸች። ዓይኗ እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ገናን በዓይንሽ አታዪውም ብሏታል። ባሏ ኸርብ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ኸርብ የኋላ ረድፍ ዳንሰኛ ነበር። ደጋግሞ ሠርቶ ሁሌም ሲቆረጥ፣ ሳይቆረጥ የቀረው በአንድ ፊልም ብቻ ነው። እሱም «የመርከበኞች እሁድ» ነው፤ መርከብ ላይ ከሚደንሱት ነጭ ለባሾች አንዱ እሱ ነው። ዊኒ ዓይኗ ሳይከዳት ያንን ዳንስ አንድ ጊዜ ማየት ፈለገች።

ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ደግሞ እንዳላወቀ ይሆናል፤ ዊኒ የሚያዝንላትን ሰው በዣንጥላ የምትመታ ሴት ናትና። ያልሰሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ራሳቸው በራ ስለሆነ ፀጉር ቤት አይመጡም፤ ቢመጡም ወሬ ለመስማት መጀመሪያ ዝም ማለት ያስፈልግ ነበር።

«የመርከበኞች እሁድ» በሚስተር ኦርቪል ፍርድ ውራ ነው። ከውራም በታች ቦታ ቢኖር ያወርዱት ነበር።

ጋስ ወንበር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ሁሉም በየዘመዱ ጮኸ፤ እኔም ሳላፍር ለአክስቴ ክርን ጮህኩ። ከዚያ አንዱ ሌላውን በክርኑ እየጎሸመ፣ ዓይን ዓይን እየተባባለ፣ ብዙ እጅ ወደ «መርከበኞች» ዞረ። የድሮ መብራት ሠራተኞች ግን ግትር ናቸው፤ ለ«ሊፍት ጠባቂ» የለፉበት መብራት ነበራቸው። ጋስ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣ እኩል ለእኩል ሆነ። እጁን ያላነሳ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«እኔ እጄን ሳላነሳ መጀመሪያ ጥቂት ቃል...» አሉ ክቡርነታቸው።

«ወይኔ!» አለ አንዱ መብራት ሠራተኛ። እሱ እንኳን የእሳቸው ደጋፊ ነበር።

ጀመሩ። «የመርከበኞች እሁድ» ታሪክ የለውም አሉ። መርከቡ ካርቶን ነው፣ ባሕሩ አንሶላ ነው፣ እኔ አንሶላ አውቃለሁ አሉ። ደላኒ ራሱ እንደጨነቀው ያስታውቃል አሉ። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰቻቸው፤ ትንኝ የገባባት መሰላቸው። ጋስ አሳለ፤ ውሃ ይጠጣ አሉ። «ይሄን ፊልም ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ይሄ የእኔ አስተያየት አይደለም፣ ዓይን የለውም!»

ዊኒ ዣንጥላዋን ጨብጣ ተነሳች። ሁላችንም ለኦርቪል ጸለይን።

«አንተ ኦርቪል፣» አለች፣ «ፊልሙን አሳምረህ ታውቀዋለህ አይደል?»

«ከነጥፋቱ!»

«መርከቡ ላይ ሲደንሱ፣ ከኋላ፣ ገመዱ ጋ አንድ ረዥም ሰው አለ። ሌሎቹ ሲዞሩ እሱ ምን ያደርጋል?»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፈቱ። ሁላችንም ጠበቅን። አፋቸውን ዘጉ። በርባንክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

«አላየሁትም» አሉ።

«ኸርብ ነው። እኔም ካየሁት ቆየሁ። ዓይኔ ሳይጨልም አንዴ ልየው ብዬ ነው እንጂ፣ ፊልሙማ ቆሻሻ ነው።»

ሚስተር ኦርቪል መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«ለየትኛው ነው?» አለ ጋስ።

«ለመርከበኞቹ ነዋ! ግን ይመዝገብልኝ፣ ውራነቱ እንዳለ ነው!»

ማክሰኞ ኮሜት ሲኒማ ጢም ብሎ ሞላ። ሚስተር ኦርቪል ወደ ምሰሷቸው ሲያመሩ ዊኒ በዣንጥላዋ መንገድ ዘጋችባቸው። «እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል፤ ውራነቱን በዓይንህ እያየህ ተሰቃይ» አለቻቸው። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ፈንዲሻዬን ለጥይት ይዤ ነው የገባሁት።

ፊልሙ ተጀመረ። ክቡርነታቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ዝም አሉ፤ ጆሯቸው ቀላ። እንዲህ ዝም ብለው አይተናቸው ስለማናውቅ ፊልሙን ትተን እሳቸውን ማየት ጀመርን። ነጭ ለባሾቹ ወደ መርከቡ ሲወጡ ዊኒ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተጠጋች። አንገቷን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ አደረገች። ሐኪሙ እስከ ገና ያለው ለካ አብዝቶ ኖሯል።

«ኦርቪል፣» አለች በቀስታ፣ «ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ። ሁሉም ነጭ ነው።»

ሚስተር ኦርቪል ጎንበስ ብለው ሸራውን አተኩረው አዩ። መሃሉን አልነበረም ያዩት።

«ቆይ፣ ቆይ... ገመዱ ጋ። አገኘሁት! ረዥም ነው፣ ጆሮው ትልልቅ ነው።»

«እሱ ነው!»

«አሁን ይዞራሉ፣ ጠብቂ። ሁሉም ዞሩ። እሱ... ዘገየ። ቆቡ ወደቀ! ዊኒ፣ ቆቡ ወደቀ! በእግሩ ፈለገው፣ አጣው፣ ዞረ፣ ተጋጨ!»

«ከማን ጋር?»

«ከአጭሩ ጋር። አጭሩ ተቆጣ። ያንቺው ግን ይስቃል።»

«ይስቃል?»

«ጥርሱ ሁሉ ወጥቷል። አሁን ቆቡን አነሳና የኋላውን ወደፊት አደረገው። ይሄን እንዴት ሳይቆርጡት ቀሩ?»

ዊኒ ሳቀች። ሳቋ ካስክ ስር እንደምትጮኸው ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። አንድም ሰው «ዝም በሉ» አላለም። ይልቁንም ከኋላ ረድፍ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ኦርቪል፣ በርሜሉ ላይ የተቀመጠችውስ? እህቴ ናት፣ መነጽሬን ረስቼ ነው!» ክቡርነታቸውም «እግሯን ታወዛውዛለች፣ ካልሲዋ ወርዷል!» ብለው መለሱ። «የእኔስ አባት? መሰላሉ ላይ!» «ቆይ፣ ተራ ጠብቅ!» ፈንዲሻዬን ራሴ በላሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም እንዲሉልኝ ስመኝ የኖርኩት ሰው፣ ዳንሱ አልቆ ዝም ሲሉ ቅር አለኝ።

መብራት በራ። ውጭ መንገዱ ላይ ቆመን ሁሉም ስለየዘመዱ ያወራል። ዊኒ የኦርቪልን ክንድ ይዛ ቆማለች፤ ዣንጥላዋን የያዙላት እሳቸው ናቸው። ጋስ በሩን ቆልፎ መጣና ትከሻቸውን መታ አደረጋቸው።

«አንተ ሰው፣ ጥጉንም እንዲህ ማየት ትችል ኖሯል። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ደላኒን ብቻ ስታይ የኖርከው ለምንድነው?»

ሚስተር ኦርቪል ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«ደላኒ እኮ እዚህ ከተማ ዘመድ አልነበረውም» አሉ። «አንድ ሰው እሱን ማየት ነበረበታ።»