ትልቋ እመቤት የዓይን ቆባቸውን ድል የነሡበት ዜና

በዘመነ ኩርፊያ፣ የዓይን ቆቦች በዓይኖች ላይ በሠለጠኑበት ዓመት፣ የቤቱ ራስ፣ የሠፈሩ ግርማ፣ ምላሳቸው ከመቀስ የሰላ ትልቋ እመቤት ስለ ጥንቱ በደላቸው ተነሡ። በደሉም ይህ ነው፤ በወጣትነታቸው ከታናሽ እህታቸው ጋር ፎቶ ሊነሡ በቆሙ ጊዜ፣ ፎቶ አንሺው «ዓይናማዋ ከፊት፣ ያቺኛዋ ከኋላ» ብሎ ዐወጀ፤ ታናሺቱም ሣቀች፤ በፎቶውም ላይ ከትልቋ እመቤት ግንባር በቀር የታየ የለም። ከዚያች ቀን ወዲህ አገሩ ሁሉ «የዓይናማዋ እህት» አላቸው እንጂ በራሳቸው ስም የጠራቸው አልተገኘም። ዘመነ ኩርፊያም ያን ጊዜ ጀመረ፤ አንዷ የሌላዋን ደጅ ሳትረግጥ ሁለቱም አረጁ።

ወእምዝ የትልቋ እመቤት ቆብ እንደ ረጠበ መጋረጃ ወረደ። ሰው ለማየት አገጫቸውን ወደ ሰማይ ያነሡ ነበርና የማያውቃቸው ኩሩ ናቸው አለ፤ የሚያውቃቸውም እንዲሁ አለ። ፊት የሚያስተካክል፣ ትርፍ ቆዳ ቆርጦ የሚሰፋ ሐኪም መኖሩን በሰሙ ጊዜ «እቆረጣለሁ» ብለው ዐወጁ። ምራታቸውም ከማድቤት «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ለማን ሊቆነጁ ነው?» ብላ አዋጅ አወጣች። እርሳቸውም «ለማንም አይደል፤ አንቺ ወጥ ስታሳርሪ አጥርቼ ላይሽ ነው» ብለው ዐወጁ፤ የኋለኛው አዋጅ ጸና።

ዘመቱም፤ በቀኝ ልጃቸው፣ መኪና ነጂው፣ መንገዱን እየረገመ፤ በግራ ምራታቸው፣ ባለ ፌስታሏ፤ በስተኋላም ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ልትረዳ ሳይሆን ስፌቱን ልትተች። ሐኪሙ «ዓይንዎ እንዴት እንደነበረ እንዳይ የወጣትነት ፎቶ ያምጡ» ብሎ አዝዞ ነበርና፣ ያንኑ ፎቶ ከጉያቸው አውጥተው ከፊት በቆመችው ላይ ጣታቸውን አኑረው «ይህች እኔ ነኝ» አሉ። ከኋላ ያለው ግንባር የማን እንደሆነ ሲጠየቁም «የአንዲት ዘመድ» አሉ። ታሪክ ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው።

ሐኪሙ ቆባቸው ላይ በእስክሪብቶ አስምሮ የማደንዘዣውን መርፌ ባነሣ ጊዜ፣ «ቃል አይወጣኝም» ብለው የማሉት ጀግና መሐላቸውን ጠበቁ፤ ጩኸት ቃል አይደለምና። እስከ ካርድ ክፍሉ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋም ኋላ ስፌቱን አይታ «የእኔን እጅ ባያህልም አይከፋም» ብላ መሰከረች።

ፊታቸው አበጠ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ዓይናቸው ላይ ጭነው፣ በትራስ ተደግፈው፣ ቤቱን በጩኸት አስተዳደሩ። እብጠቱ ሲጎድል መስታወት አስመጡ። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር፤ ከዓይናቸው በታች ያለው ሁሉ ግን፣ ጉንጭም አገጭም አንገትም፣ ነጋሪት እንዳልሰማ ሠራዊት ባለበት ተኝቶ ነበር። ይህንም ሁሉ አጥርተው አዩት፤ የተቆረጡትም አጥርተው ሊያዩ ነበር።

ሆኖም ፎቶ ቤት ገብተው ብቻቸውን፣ ከፊት ቆመው ተነሡ፤ አዲሱንም ፎቶ ይዘው ታናሺቱን ሊያሳርሩ ደጇን አንኳኩ። ዓይናማዋ ከፈተች። ቆቧ እስከ ሽፋሽፍቷ ወርዶ፣ አገጯ ወደ ሰማይ ተነሥቶ፣ «ማን ነው? ዓይኔን ጋርዶኝ ነው፤ እስቲ ድምፅዎን ያሰሙኝ» ብላ ዐወጀች። በመንገድ ሲተላለፉ አገጯን ማንሣቷ ንቃቸው መስሏቸው ነበር። ያ የሰላ ምላስ ሰገባው ውስጥ ቀረ፤ በቀጭን ድምፅም «የዓይናማዋ እህት ነኝ» አሉ። ታናሺቱም ፊታቸውን በእጇ ዳብሳ «እትዬ» አለች፤ ዘመነ ኩርፊያም በዚህ ተፈጸመ።

ያን ጊዜ ትልቋ እመቤት፣ ቆብ ድል ነሺ፣ መርፌ ያልበገራቸው፣ ከኋላ ተነሥተው ከፊት የቆሙ፣ ስማቸው ከፎቶ ቤት እስከ ካርድ ክፍል የተፈራ፣ በእህታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻውን አዋጅ ዐወጁ፦ «ስሚ አንቺ። ነገ ሐኪሙ ጋ እወስድሻለሁ። ፎቶ አምጪ ሲልሽ ይህን የእኔን አሳዪውና እንደ እህቴ አድርገኝ በዪው። መርፌው ላይ ብትጮኺ አላውቅሽም። ስትድኚ ፎቶ ቤት እንሄዳለን፤ አንቺ ከኋላ ትቆሚያለሽ።»