ወገቤ ሽማግሌ የላከ ዕለት

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ እናቴ እንኳን አታምነኝም!

ዛሬ እዚህ ካምፓላ፣ ቡጎሎቢ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሶፋ እና በአንድ ሳህን ሳምቡሳ መካከል፣ ክብሬ እንዳይጠገን ሆኖ ተሰበረ።

ይህን የምጽፈው መሬት ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ፣ ስልኬን ከአፍንጫዬ በላይ ይዤ ነው። እስካሁን ሁለቴ ፊቴ ላይ ወድቋል። ፊደል ከዘለልኩ በዚያ ያዙልኝ።

መምህር ነኝና ከመሠረቱ ልጀምር።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳያቲካ አለብኝ። ከታችኛው ወገብ ተነስቶ፣ በመቀመጫ አልፎ፣ በጭን ጀርባ እስከ እግር ጣት የሚወርድ አንድ ረጅም ነርቭ አለ። እሱ ሲጫን የሚመጣው ሕመም ነው ሳያቲካ የሚባለው። በቀላሉ ላስረዳ፦ አንድ ሰው ቂጣችሁ ላይ ሶኬት ሰክቶ በትንሿ የእግር ጣታችሁ አምፖል ሊያበራ ይሞክራል እንበል። (የተማሪ ወላጆች ያቺን ቃል እንዳላያችሁ እለፏት።)

ከየት አመጣሁት?

ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያ ረጅም ጊዜ ነው። በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ በዙም ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ልጆቹ ካሜራቸውን አጥፍተው አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል። በሥርዓት የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ!

ለካ በሥርዓትም አልነበረም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ቁመት ጨምረው መጡ። እኔ ከሸሚዜ ሥር የወገብ ቀበቶ ጨምሬ መጣሁ።

ደግሞ በወጣትነት ወገብን መታመም ከሕመሙ ይልቅ ሰዉ ነው የሚያሳብደው። «በዚህ ዕድሜህ?» ይሉሃል፣ ሰርቀህ የተያዝክ ይመስል። «እኔ ባንተ ዕድሜ ኩንታል ተሸክሜ ነበር የምሮጠው!» አንዱ ጂም ግባ ይላል። ሌላው ጂም ነው የጎዳህ ይላል። ስለ ጂም የሚያወሩት ሁለቱም ጂም ገብተው አያውቁም።

አሁን ወደ ጉዳዩ።

እዚህ ካምፓላ የተወለዱ የኛ ልጆች አማርኛ አይናገሩም። ይሰማሉ፣ ግን አይመልሱም። ከአገር ቤት አያት ስትደውል «ሄሎ» ብለው ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለእናታቸው ይወረውራሉ። እናም ወላጆች የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ሊከፍቱ አሰቡ። ያንን ክፍል እንዴት እንደፈለግኩት! ማንም ሳይጠይቀኝ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጀሁ። በሦስት ቀለም። ከነማውጫው።

ወላጆቹን የሚያስተባብሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፣ ናካሴሮ ገበያ ሱቅ አላቸው፣ ሲናገሩ ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም። ደወሉልኝ።

«ስማ መምህር፣ በሽተኛ ነው እያሉ ያወሩብሃል። ስታፍ ሩም ውስጥ መሬት ላይ ተዘርሮ አየነው ብለዋል። እኛ ልጆቻችንን የሚይዝ ጤነኛ ሰው ነው የምንፈልገው።»

(መዘረሬ እውነት ነው። በእረፍት ሰዓት መሬት ላይ እተኛለሁ። ሐኪም ነው ያዘዘኝ!)

«እኔ? ድንጋይ ነኝ እኮ ጋሼ!» አልኳቸው።

«እንግዲያው እሁድ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቴ ና። ወላጆች ይዩህና ይወሰናል።»

ስለዚህ የዛሬው ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ሰው ሕመሜን እንዳያይ። ቀበቶው በሸሚዜ ላይ ስለሚያስታውቅ ፈትቼ ቤት ተውኩት። አዎ። በዛሬ ቀን፣ ያን ቀበቶ፣ እኔ፣ በገዛ እጄ!

በቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ሄድኩ። «ምፖላ ምፖላ፣ ሰቦ!» እያልኩ ሹፌሩን ለመንኩት፤ ቀስ በል ጌታዬ ማለት ነው። እሱ ግን እንደ ማበረታቻ ወሰደው። የመንገዱን ጉብታ ሁሉ ትንሿ ጣቴ ታውቀዋለች።

የጋሽ ሰይድ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ደረጃው ላይ አለቀስኩ፣ በሩ ላይ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ሶፋው!

የወገብ ሕመምተኞች፣ እናንተ ትረዱኛላችሁ። ያ ሶፋ ሶፋ አይደለም፣ ከፋይ የለበሰ ጉድጓድ ነው። ስቀመጥ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። ግን አልተነፈስኩም። ስለ ዕቅዴ አስረዳሁ። ወላጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘምዘም «ማሻአላህ፣ እንዴት የረጋ ልጅ ነው!» አሉ።

የረጋሁት መንቀሳቀስ ስለማልችል ነበር።

ሁሉም ነገር እየተሳካ ነበር። ወላሂ እየተሳካ ነበር! ከዚያ በሩ ተንኳኳና ሐጂ ይማም ገቡ።

ሐጂ ይማም የማኅበረሰቡ ትልቅ ሰው ናቸው። እዚህ ከተማ ያለ የእኛ ሰው ሲጋባም ሲጣላም በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ቤቱ ሙሉ «ኖር! ኖር!» እያለ ብድግ አለ። ብድግ አለ ስል በእውነት ብድግ አለ ማለቴ አይደለም። ታውቁታላችሁ፤ መቀመጫን ትንሽ ከፍ አድርጎ መመለስ ነው። አክብሮቱ ይደርሳል፣ ሰውነትም አይደክምም።

እኔ ግን ጤነኛ ነኝ አይደል?

ዘልዬ ተነሳሁ!

ቀጭ አለ።

ሶኬቱ ተሰካ። ከወገቤ እስከ ጣቴ መብራት መጣ። ወገቤ ግማሽ ጎንበስ እንዳለ፣ አንድ እጄ ጭኔ ላይ፣ እዚያው ተቆለፈ።

ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉ ሐጂ።

«ይሁን... ሐጂ።»

«በአላህ ተቀመጥ።»

«እዚሁ... ደህና ነኝ።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ ተቀመጥ ሲባል የማይቀመጥ ማን ነው? ሽማግሌ! ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳይ አለን፣ አንቀመጥም» ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል።

አንገቴን ደፍቻለሁ። ጎንበስ ብያለሁ። ቆሜያለሁ።

እና በዚያች ደቂቃ ከጓዳ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ሐያት! የጋሽ ሰይድ ትልቋ ልጅ፣ ያላገባች፣ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ።

ሐጂ ይማም እኔን አዩ። ሐያትን አዩ። ስንቱን ያጋቡ ሰው ናቸው፣ ጊዜ አላባከኑም።

«ሰይድ፣ ይህ ልጅ ጉዳይ አለው» አሉ።

ላቤ ይንጠባጠባል።

«ያልበዋል እኮ ምስኪኑ» አለች አንዷ እናት።

«አያልበው? ቀላል ነው እንዴ!» አለች ሌላዋ።

ጋሽ ሰይድ ጠቆሩ። «ብቻህን ነው የመጣኸው? ሰው የለህም? ሽማግሌ መላክ አቅቶህ ነው በወላጆች ስብሰባ አሳብበህ የምትገባብኝ?»

ሐያት ሳህኑን ይዛ ደርቃ ቀረች። «አባዬ፣ ወላሂ ስሙን እንኳን አላውቀውም!»

«ቀስ ብሎ ይታወቃል» አሉ እትዬ ዘምዘም።

እኔ በበኩሌ እያሰላሁ ነበር። «ወገቤ ነው» ካልኩ ክፍሉ ሄደ፤ የተወራው እውነት ሆነ፣ ድንጋዩም ውሸታም ሆነ። ዝም ካልኩ ክፍሉ ይቀራል፣ ሚስት ትጨመራለች።

እውነቱን ልናገር? ለትንሽ ጊዜ ሁለተኛው አጓጉቶኝ ነበር። አትፍረዱብኝ፣ የትምህርት ዕቅዱ ሦስት ቀለም ነው ያለው!

በመጨረሻ አንድ ብልህ መንገድ ታየኝ። ካለመቀመጤ የመጣ ጣጣ ከሆነ፣ ብቀመጥ ያበቃል። በጣም ምክንያታዊ ነው። ተቀመጥኩ።

ማለቴ፣ ሞከርኩ።

ሐጂ ይማም ፊት በሁለት ጉልበቴ ወደቅኩ፤ ወድቄም እንዳልደፋ ያገኘሁትን ያዝኩ። ያገኘሁት የሐጂን ጫማ ነበር።

«እግራቸው ላይ ወደቀ!»

«አላሁ አክበር፣ እንዲህም የወደደ አላየሁ!»

እትዬ ዘምዘም እልልታውን ጀምረው ባለቤታቸውን አይተው ግማሹን ዋጡት።

«ወገቤ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ወገቤን ነው! ሌላ ምንም አልፈልግም! ወገቤ ነው!»

ሐጂ ይማም አጠገባቸው ወደ ተቀመጠው ሰው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ምን አለ?» አሉ ሐጂ።

«ወገቡን ነው አለ።»

«ወገቡን ማን ነካው?»

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልቀረም። የምችለው በጀርባዬ መዞር ብቻ ስለነበር ዞርኩና ምንጣፉ ላይ ተዘረጋሁ። ተንጋልዬ ነርቩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋቸው።

ጋሽ ሰይድ ከላይ አጎነበሱብኝ። «ድንጋይ ነኝ አላልከኝም?»

«ነኝ ጋሼ። ይኸው አልንቀሳቀስም።»

አልሳቁም። ሌላው ግን ሐኪም ሆነ። በጥቁር አዝሙድ ዘይት ይታሽ፣ ዋግምት ይደረግለት፣ ሐይቁ ዳር ጋባ ድረስ ሄዶ ውሃው ውስጥ ይቁም። ጀርባዬ ላይ ልቁምበት ያለም አለ፣ ያውም ጫማውን እያወለቀ!

«ማግባት ነው መድኃኒቱ» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«ከዚህ ቤት ግን አይደለም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

በዚህ መሃል የመጨረሻ ልጃቸው፣ የስድስት ዓመቷ ኢክራም፣ ፊቷን ፊቴ ላይ ደቀነች።

«ቲቸር፣ አር ዩ ዳይንግ?»

«በአማርኛ ጠይቂው!» ብለው እናቷ ጮኹ። ኢክራም አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም።

ምን ላድርግ? አስተማሪ ነኝ። የምሞትም ቢሆን እያረምኩ ነው የምሞተው።

«ኢክራም፣ ነይ እዚህ ተኚ። ከላይ የምታዪው ምንድን ነው?»

አጠገቤ ተጋደመች። «ሲሊንግ።»

«ጣሪያ።»

«ጣሪያ።»

«የተንጠለጠለውስ?»

«ላይት።»

«መብራት።»

ከወላጆቻቸው ጋር የመጡት ሌሎቹ ልጆች ጨዋታ መስሏቸው ከጓዳ መጥተው ተራ በተራ ምንጣፉ ላይ ወደቁ። ግድግዳ አልን፣ መጋረጃ አልን፣ መስኮት አልን። ሳምቡሳውን ማንም ማስተማር አላስፈለገውም።

«ቲቸር! ስፓይደር!» ብላ ኢክራም ወደ ጣሪያው ጥግ ጠቆመች።

«ሸረሪት። የሠራችው ቤት ደግሞ ድር ይባላል።»

«ሸረሪት! ድር! ትልቅ ድር!» ልጆቹ ቤቱን አናጉት።

ወላጅ ሁሉ ቀና ብሎ አየ። ወዲያው ሁሉም ወደ እትዬ ዘምዘም ዞረ።

«ትናንት ነው የተጠረገው!» አሉ እትዬ ዘምዘም። ማንም አላመናቸውም። በዚህ ቤት የሚዋረደው እኔ ብቻ አለመሆኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ አሳረፈኝ።

ሐጂ ይማም ልጆቹ ሲጮኹ ቆይተው ሰሙ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ሰይድ፣ ያንተ ልጅ አማርኛ ስትናገር ዛሬ ገና ሰማሁ። ተኝቶ ይህን ካስተማረ፣ ቁጭ ብሎ ሲያስተምርማ ምን ሊሆን ነው? ክፍሉ ይሰጠው።»

ጋሽ ሰይድ ድሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይሁን። ቅዳሜ ጀምር» አሉ።

አልሃምዱሊላህ! ወድቄ ባይሆን ኖሮ እዘል ነበር።

«ልጅቷን ግን አልሰጠንህም» አሉ ሐጂ ይማም።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩም።»

«ቢሆንም።»

«ቢሆንም» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ቢሆንም!» አለች ሐያት፣ ከሁሉም ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ሁለት አባቶች ግራና ቀኝ ይዘው አወረዱኝ። ሐያት ዕቅዴን ይዛልኝ ከኋላ ትከተል ነበር። በር ላይ ስትሰጠኝ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለተኛ ሲያምህ፣ ያመኛል በል። በበሽታ ልታገባኝ ነበር እኮ!»

ቤት ሳልደርስ ወሬው ካምፓላን አዳርሶ ነበር። ስለ ወገቤ ማንም አላወራም። ስለ ክፍሉም ማንም አላወራም። አንድ የማውቀው ሰው ደወለና «አይዞህ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ሌላ ታገኛለህ» አለኝ። ሳያቲካ ነው ብዬ ከነርቩ ሥር ጀምሬ አብራራሁለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝና «እሱማ ምክንያት ነው፣ ይገባኛል» አለኝ።

እንግዲህ ወገባችሁን ታማችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶች ካላችሁ፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። ይህን እኔ ማብራራት አልቻልኩም።

ክፍሉን አግኝቻለሁ። የፈለግኩት እሱን ብቻ ነበር። ልጅቷን አልጠየቅኳት፣ አላሰብኳት፣ ስሜንም አታውቀውም።

ታዲያ ያ ሦስተኛው «ቢሆንም» ትዝ ሲለኝ፣ ከወገቤ ከፍ ብሎ የሚወጋኝ ይኸኛው ደግሞ የትኛው ነርቭ ነው?