ጨጓራቸውን ያስፈተኑት መምህር

(የመምህሩ ሳሎን። ሠላሳ ዓመት ፈተና ሲያርሙ የኖሩት መምህር በአፍንጫቸው የገባ ቀጭን ቱቦ ጉንጫቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ መቅጃ ሳጥን ወገባቸው ላይ ታስሮ ተቀምጠዋል። የሚስታቸው ወንድም አናጢው ቃሪያ በሳህን ይዞ ይለማመጣቸዋል።)

አናጢው፦ ጋሼ፣ እባክዎ አንዷን ብቻ!

መምህሩ፦ አንሳልኝ ብያለሁ! የተቀቀለ ድንች፣ ያለ ጨው። አለቀ!

አናጢው፦ በየቀኑ አራት ቃሪያ ሲቆረጥሙ ኖረው ዛሬ ምን ነካዎት?

መምህሩ፦ ዛሬማ ምርመራ ላይ ነኝ! ይሄ ሳጥን ከጨጓራዬ ወደ ላይ የሚወጣውን አሲድ እስከ ነገ ጠዋት ይመዘግባል።

አናጢው፦ ታዲያ ካልወጣ ምኑን ይመዘግባል?

መምህሩ፦ ምንም! ደፈንኩ ማለት ነው! አንተ እንጨት ስትልግ ጭንቅላትህንም አብረህ ልገኸዋል።

አናጢው፦ ዶክተሯ ግን «እንደ ወትሮዎ ይብሉ» ያለች መሰለኝ።

መምህሩ፦ ሳይዘጋጅ የሚፈተን ማን አለ? (ከትራሱ ሥር የጨጓራ ክኒን አውጥተው ይውጣሉ።)

አናጢው፦ ኧረ ጋሼ! እሱን ከሳምንት በፊት ያቁሙ ተብለው የለም?

መምህሩ፦ ዝም በል! (ድምፃቸው ዝቅ ብሎ) አሲድ ከተገኘብኝ ይቀዱኛል። ቀዶ ጥገና እፈራለሁ… ለእህትህ እንዳትነግር።

አናጢው፦ አልነግርም። ሲያቃጥልዎ ይጫኑት የተባለው የሳጥኑ ቁልፍስ?

መምህሩ፦ በገዛ ራሴ ላይ ላሳብቅ? ሞኝህን ፈልግ!

(በነጋታው ጠዋት፣ የዶክተሯ ክፍል። መምህሩ አሲዱ ወደ ላይ እንዳይወጣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስላደሩ አንገታቸው ተጣሟል፤ ፊታቸው ግን በርቷል።)

ዶክተሯ፦ የሚገርም ነው አባቴ። ምንም አሲድ አልወጣም።

መምህሩ፦ (ወደ አናጢው ዞረው) ሰማህ?

ዶክተሯ፦ እንግዲህ ደረትዎን የሚያቃጥልዎ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ለልብ ሐኪም ልጻፍልዎ።

መምህሩ፦ (ከወንበራቸው ብድግ ብለው) ልብ?! ኧረ ልጄ፣ ድንች ነው የበላሁት! ክኒንም ውጫለሁ! ሲያቃጥለኝም ቁልፉን አልነካሁም!

ዶክተሯ፦ ለምን?

መምህሩ፦ እንዳትቀዱኝ ነዋ!

ዶክተሯ፦ ስለ ቀዶ ጥገና ማን አነሳ? አሲዱ ቢገኝ ክኒንዎን ቀይሬ ወደ ቤትዎ እሸኝዎት ነበር። (ከመሳቢያ አዲስ ቱቦ እያወጣች) በሉ፣ እንደገና ይቀመጡ።

መምህሩ፦ (አፍንጫቸውን በእጃቸው ከልለው፣ ለአናጢው) አንተስ ቆመህ ከምታየኝ ለምን አልነገርከኝም?

አናጢው፦ እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ? የማውቀው አናጢነት ነው። በእኛ ሙያ የመለኪያ ሜትሩን ያታለለ ሰው፣ በሩ አልዘጋ የሚለው በራሱ ላይ ነው።